የአባቴ ተራና የውሃው ሞተር

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ብዙ አመንትቻለሁ። የአንድ ብሎክ የውሃ ሞተርና የአንዲት የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዳይ ማንን ያስጨንቃል? በዚያ ሰሞን ግን ቤታችን ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ነገር አልነበረም።

የምንኖረው መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመንገዱ ቧንቧ ውሃ እኛ ጋ በራሱ ጉልበት አይደርስም። ስለዚህ ነዋሪው አዋጥቶ ሞተር ገዛ፤ ውሃ በመጣ ቁጥር ተረኛው ያስነሳዋል፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሲሞላ ያጠፋዋል። በአባቴ ተራ አንድ ጠዋት፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ፣ ጎረቤት ብሎክ ሰው መሞቱ ተሰማና አባቴ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ወዲያው የመንገዱ ውሃ ተቋረጠ። ሞተሩ ባዶውን ሲሽከረከር ቆይቶ ተቃጠለ።

ማንም አልተቆጣውም። ሁለተኛ ሞተር ተገዝቶ ተረኞች ሲመደቡ ግን እሱን ዘለሉት። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን፣ "ጋሼን ተዉአቸው! ደግሞ ለሞተር ድንኳን እንድንተክል ነው?" ብላ ቀለደች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለስብሰባ አልወረደም። ከቤት ሲወጣ እንኳ ደረጃው ላይ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ይመርጥ ጀመር።

ውሃው ሲቋረጥ ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋ ሳጥን ብሠራ፣ አባቴን እንደገና ያምኑታል ብዬ አሰብኩ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ጎበዝ እንደሆንኩም ይነገረኝ ነበር። ሲግናል ሰፈር የሚኖር አንድ ከፍ ያለ ዓመት ተማሪ ከአሮጌ ዕቃ የፈታትን ትንሽ ቺፕ ሰጠኝ። በፓይተን እንደምጽፍላት ስነግረው ሳቀ።

"ዝሆን ሚኒባስ ውስጥ ልታስገቢ ነው? ቦታ የላትም እኮ። የቺፗን የራሷን ቋንቋ፣ አሴምብሊን፣ ተማሪ።"

ተማርኩ። ጉርድ ሾላ ታክሲ ስጠብቅ ሳይቀር ትእዛዞቹን ከስልኬ አነብ ነበር። በፓይተን ሁለት ቁጥር ደምር ስል ይደመራል፤ ቁጥሮቹ የት እንዳሉ ጠይቄ አላውቅም። እዚህ ግን እያንዳንዱን ቁጥር ሬጅስተር ከሚባሉት ጠባብ ማስቀመጫዎች በአንዱ ላይ ራሴ አስቀምጣለሁ፣ ራሴ አነሳለሁ። ብዙ ቀን የማውቀው ሁሉ ከእጄ የወጣ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንጦጦ ላይ ደመና ተኝቶ፣ በረንዳችን ላይ ሞከርነው። በሞተሩ ፈንታ ትንሽ አምፖል አሰርኩ። አባቴ ውሃ መኖሩን የሚለዩትን ሁለት ሽቦዎች ውሃ በሞላው ባልዲ ውስጥ ይዞ ተቀመጠ። አምፖሉ በራ።

"አሁን ከውሃው አውጣቸው፣ አባዬ።"

አወጣቸው። አምፖሉ አልጠፋም።

"ይኸው ተቃጠለ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

አስተካክዬ ደገምን። አሁንም አልጠፋም። "ይኸው ተቃጠለ።" እየቀለደ አልነበረም፤ እኔም ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ስህተቱን ያገኘሁት ትእዛዞቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ውሃ አለ ወይስ የለም የሚለውን መልስ አንድ ሬጅስተር ላይ አስቀምጬ፣ "ጥቂት ቆይ" የሚለውን ክፍል እጠራ ነበር። ያ ክፍል ደግሞ ወደ ታች የሚቆጥረው በዚያው ሬጅስተር ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ የእኔ መልስ ጠፍቶ በቦታው ዜሮ ይቀራል፤ በእኔ አጻጻፍ ዜሮ ማለት "ውሃ አለ" ማለት ነው።

"ምን ሆኖ ነው?" አለኝ አባቴ።

"የውሃ ቦቴ ሲመጣ ሰልፍ ላይ ጀሪካን ትቶ እንደመሄድ ነው" አልኩት። "ለሰው አደራ ካላልክ፣ ስትመለስ በቦታህ የሌላ ሰው ጀሪካን ቆሟል። ፓይተን ሳልነግረው ይጠብቅልኝ ነበር። ይኼ አይጠብቅም። ከመሄዴ በፊት ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ስመለስ ማንሳት አለብኝ።"

አባቴ ሽቦዎቹን መልሶ ባልዲው ውስጥ ነከራቸው።

"እኔም እኮ ለማንም አደራ አላልኩም" አለ። "ስወርድ ሁለት ሰው ሰላም ብያለሁ። ሞተሩን እዩልኝ ለማለት ግን... ተራው የኔ ነው ብዬ አፈርኩ መሰለኝ።"

ስለዚያ ጠዋት ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። የማስቀመጫውንና የማንሻውን ትእዛዝ ጨመርኩ። ሽቦዎቹን ሲያወጣ አምፖሉ ጠፋ። መልሶ ነከራቸው፣ መልሶ አወጣቸው።

ኮሚቴው ሳጥኑን በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስፈትሾ አስገጠመው። እኔንም አመሰገኑኝ። የአባቴን ተራ ግን ማንም አላነሳም፤ እሱም አልጠየቀም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ባለሱቋ ናት፤ አራት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ተራዬ ነበር። ደንበኛ ይዞኝ ጭራሽ ረሳሁት፤ ለካ ውሃው ሄዷል። ስደርስ ሞተሩ ራሱን አጥፍቶ ጸጥ ብሏል። የልጅዎ ሳጥን ባይኖር በእኔ እጅ ነበር የሚቃጠለው።"

"ግቢ እንጂ፣ በር ላይ አትቁሚ" አላት።

"ልገባ አልመጣሁም። በማንም ይደርሳል ልልዎት ነው። ለኮሚቴው ነግሬያለሁ፤ የነገው ተረኛ እርስዎ ነዎት።"

አባቴ በሩን ይበልጥ ከፈተላት። "እሺ" አለ።

ወርዶ ሞተሩን ያስነሳው በማግሥቱ፣ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ነው።