ፈቀቅ በሉ ያልኳቸው ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ፈትያ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል ሻይ ጋበዘችኝ። መግቢያው ላይ ግድግዳውን የሞላ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ነጭ አሸዋ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ፀሐይ ያረፈችበት ባሕር። ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ሰው ኖሮባት የማታውቅ ደሴት» ይላል። ፈትያ ስልኳን አውጥታ፣ «አባዬ፣ እስቲ እሱ ሥር ቁምልኝ፣ ላንሳህ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። አስተናጋጁ እስኪደነግጥ ድረስ «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ደሴቷን አውቃታለሁ። ስሄድ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አባቴ ከድሬዳዋ ወደዚህች የወደብ ከተማ መጥቶ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ እኔም እዚያው ሱቅ ውስጥ ፈረንሳይኛውንም አፋርኛውንም ለቃቅሜአለሁ። ሙሴ ፖል የምንለው አንድ ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ አስተርጓሚ ፈልጎ ወሰደኝ። ካሜራ አስተምርሃለሁ ብሎኝ ስለነበር፣ ዝለል ቢለኝም እዘል ነበር።

ኻምሲን የሚሉት አሸዋ ያዘለ ትኩስ ንፋስ ሳይጀምር፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ወቅት፣ ግማሽ ቀን በጀልባ ተጓዝን። አባ ሁመድ የሚባሉ አፋር ዓሣ አጥማጅና ባለቤታቸው ፋጡማ ተቀበሉን። ፍም ላይ የጠበሱትን ዓሣ በሩዝ አበሉን። ከጨውና ከበርበሬ በቀር ምንም የለበትም፤ እንደዚያ የጣመኝ ዓሣ ግን ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።

ከምሳ በኋላ አባ ሁመድ ባሕሩ ዳር ወዳለው የአባታቸው መቃብር ወሰዱን። የድንጋይ ክምር ነው፤ አናቱ ላይ በተተከለ እንጨት ፋጡማ የሰፉት ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል።

«ባሕር የወጣ ሁሉ ይህን እያየ ነው የሚመለሰው» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከከተማ ሰዎች መጥተው መሬቱን ለሆቴል ሲለኩ ነበር። እዚህ ማንም አይኖርም ይላሉ አሉ። ከአባቴ ራስጌ ቆመን ያንሳን በለው፤ ማሳያ ይሁነን።»

ነገርኩት። ሙሴ ፖል ፊቱን አጨማደደ። «እኔ የማነሳው መልክዓ ምድር ነው። ሰው ሲገባበት ይበላሻል። ጨርቁንም አውርደው፣ የተሰጣ ልብስ ይመስላል።»

ይህን ቃል በቃል ለመተርጎም አፈርኩ። ስለዚህ ዋሸሁ። «መጀመሪያ ባሕሩን ያንሳ፣ ከዚያ እናንተን። እስከዚያው ፈቀቅ በሉ።»

ጨርቁን በገዛ እጄ ፈትቼ ለፋጡማ ሰጠኋቸው። አጥፈው ደረታቸው ላይ ያዙት። ባልና ሚስት ፍየሎቻቸውን ሰብስበው ከካሜራው ኋላ ተራቸውን ጠበቁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙሴ ፖል ዕቃውን ሸከፈና ጀልባዋ ላይ ወጣ። አባ ሁመድ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ጠርዟን ያዙ።

«ልጄ፣ እኛንስ?»

«በሚቀጥለው ጊዜ» አልኳቸው።

የሚቀጥለው ጊዜ አልመጣም። ዓመት ሳይሞላ ከደሴቷ አስነሷቸው። አባ ሁመድ ሱቃችን ድረስ መጥተው ፎቶውን ጠየቁኝ። ፊታቸውን ማየት አቅቶኝ «ከፈረንሳይ ገና አልደረሰም» አልኩ። አባቴ ሻይ አስመጣላቸው፤ ሳይጠጡት ሄዱ።

ሙሴ ፖልን ዕድሜ ልኬን ስረግመው ኖሬአለሁ። የእጁ ነው፤ ዛሬም እረግመዋለሁ። ግን ሰውዬው አንዲት የአፋርኛ ቃል አያውቅም ነበር። ፈቀቅ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ውሸት በእኔ አፍ ነው የተጀመረው።

ይህን ሁሉ ለፈትያ እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ፎቶው ላይ የድንጋዩን ክምርና ባዶውን እንጨት በጣቴ አሳየኋት። ስልኳን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች።

«ታዲያ ይሄ ሲነሳ ሰዎቹ የት ነበሩ?» አለችኝ።

«አንቺ የቆምሽበት ጋ» አልኳት።