እናቴን ለሦስት የከፈላት ረዳት

ማስታወሻ የምይዝበትን የስልክ መተግበሪያ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ጋር ያገናኘሁት ራሴው ነኝ። ፍኖተ ሰላም ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ መመሪያውን መስመር በመስመር እያነበብኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነውና የሰው ቃል ስጽፍ አላዛባም። ስለ ሟች እናቴ የነገሩኝንም እንደ አፋቸው ነው ያሰፈርኩት፦ ልጅነቷን ያወሩኝ በልጅነት ስሟ፣ የአባቴ ዘመዶች አማቷ በሠርጓ ባወጡላት ስም፣ የነፍስ አባቷ በክርስትና ስሟ።

ስለ እሷ የምጽፈውን መጽሐፍ ልጀምር ስል ረዳቱን «ማስታወሻዎቼን አንብበህ የእናቴን ታሪክ በቅደም ተከተል አዘጋጅልኝ» አልኩት። ሦስት ሴቶች አመጣልኝ! አንዷ እናቴ። አንዷ ቆራቢ ጎረቤት። አንዷ ደግሞ አባቴ ከእናቴ በፊት ያገቧት ልጅ። ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ቡሬ ሄጄ ለእናቴ ታናሽ እህት አነበብኩላቸው።

«ሁለት ሚስት?» አክስቴ በሳቅ ፈረሱ። «አባትሽ እንኳን ሁለት፣ አንዷንም በወጉ አልቻሏት! ይኸ ዕቃሽ ሲያማ ለከት የለውም።»

እኔን ሳቅ አልመጣኝም። ስለዚያች ልጅ የጻፈውን ቀጠልኩ፦ «ከሠርጓ ቀን በኋላ ስለ እሷ የተገኘ ማስታወሻ የለም።»

ውሸት ነው ብዬ ማስታወሻዎቹን እዚያው ፈተሽኩ። እውነትም የለም። ካገባች ወዲህ እናቴን በልጅነት ስሟ የጠራት ሰው አላገኘሁም።

«እርስዎስ አክስቴ፣ ምን ብለው ነበር የሚጠሯት?»

«ባወጡላት ነዋ! ባሏ ቤት ሄጄ በፊተኛው ልጥራት? አማቷ እየሰሙ?»

«እሷስ?»

«እሷማ መጀመሪያ ሰሞን ሲጠሯት ዞር አትልም ነበር። ‹ደንቆሮ አመጡብን› እያሉ ይስቁባት ነበር እነ አማቷ።» አክስቴ አሁንም ሳቁ።

ዕቃው ሳያውቅ ሳተ። እነሱ ግን ልጅቱ ለምን ዞር እንደማትል አሳምረው ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ሳቁባት። ያልለመደችውን ስም ስላልሰማች ደንቆሮ!

«ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልጅነት ስሟ ነው የምጽፋት» አልኩ።

«ኧረ ተይ! የአባትሽ ወገኖች ‹ይች ደግሞ ማናት?› ቢሉሽስ?»

«ይጠይቁኛ!»

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ለረዳቱ ጻፍኩለት፦ ሦስቱም አንዲት ሴት ናቸው፤ ስሟም የፊተኛው ነው። ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝ። እስካሁን ይቅርታ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው።