ጨው ያልነካው መሶብ

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሆሳዕና ገበያ ውስጥ አሞሌ ጨው የሚሸጥ ወንዳፈረው የሚባል ነጋዴ ነበር። ወጥ ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ሰው ነው። የሀዲያ ጎረቤቶቹ ቡላና አይብ በቅቤ ለውሰው አተካና ሲሠሩለት፣ ቅቤው እስከ ክርኑ ካልወረደ በላሁ አይልም።

ራሱን ይፈልጠው፣ ዓይኑን ያጨልመው ጀመር። አንዱ ዋግምት አለው፣ ሌላው ጸበል፣ ሌላው ቡዳ ነው አለ። አገራችን ሐኪም ቸገራት እንጂ መካሪ ቸግሯት አያውቅም። በመጨረሻ ሚስቱ ወይዘሮ እህተማርያም በቅሎ ላይ አውጥታ አዲስ አበባ ወሰደችው። የውጭ አገሩ ሐኪም ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁን በአየር ነፍቶ ለካና የደም ብዛት ነው አለ። ጨውና ቅቤ ይቅር፣ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይብዛ፤ እንደ ድሮው ከበላ አንድ ቀን ወድቆ አይነሳም።

ቤቱ ሲሆን ወንዳፈረው ይታዘዛል፣ ራሱም ቀለል ይለዋል። የማኅበር ቀን ግን ሁሉም ከአንድ መሶብ ነው የሚበላው። ለብቻው የሚቀርብለትን ሰው ወይ ድውይ ነው ይሉታል፣ ወይ ጳጳስ ሆንኩ አለ። ስለዚህ የቀረበለትን ሁሉ ይበላና በማግስቱ አልጋ ይይዛል። ባለፈው ድግስ ማግስትማ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ ዋለ። እህተማርያም ቀጣዩ ድግስ ተዝካሩ እንደሚሆን ገባት።

የጊዮርጊስ ማኅበር ተራ እነሱ ቤት ደረሰ። እሷም መሶቡን በሙሉ ያለ ጨው ሠራችው፤ ጎመን በነጭ ሽንኩርት፣ የምስር ወጥ፣ አይብ፣ ቆጮ። ጨው ከገንዘብ በማይተናነስበት ዘመን ጨው የሌለው ወጥ ማቅረብ ንፉግ ያሰኛል፤ በጨው ነጋዴ ቤት ሲሆን ደግሞ መዘባበቻ ያደርጋል።

የገበያው ዳኛ ሰይፈሥላሴ፣ ፍርዱ ሁሉ ከሆዱ የሚወጣው ሰውዬ፣ አንዴ ጎርሶ ፊቱን አጨማደደ።

«ወንዳፈረው፣ ጨዉን ለእኛ እየሸጥክ ሚስትህን ከለከልካት እንዴ?»

ማኅበርተኛው ሳቀ። ወንዳፈረው አመድ መሰለ፤ ጨው አምጡ ሊል እጁን አነሳ። እህተማርያም ቀደመችው። ከጓዳ አንድ ሙሉ አሞሌ አምጥታ ከመሶቡ አጠገብ አኖረች።

«ጨውማ ሞልቶናል፣ ጌቶቼ፤ የሻ እየፋቀ ይብላ። ሌላ ወንዳፈረው ግን የለኝም። ሐኪሙ ጨው ይገድለዋል ብሎኛል። እንደ ድውይ ለብቻው እንዳላበላው ብዬ ነው ከእናንተ ጋር ያበላሁት።»

ወደ አሞሌው እጁን የዘረጋ የለም፤ የሰው ባል ሞት ማን ይፍቃል? ሰይፈሥላሴ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና ጎመኑን በቆጮ ጠቅልሎ ወንዳፈረውን አጎረሰው።

«ብላ፣ አንተ ጨው ሻጭ። ተራው እኔ ቤት ሲደርስም ይኸው ነው የምትበላው።»

ቃሉንም ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ከቤት ቤት ሲዞር ጨው የሌለው ጎመን አብሮ ዞረ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን የሚያማቸው ሰዎችም ሳያፍሩ ከእሱ ይጎርሱ ጀመር። ጎመን የደም ብዛትን ያድናል የሚል ካለ ሐኪም ሳይሆን ጎመን ሻጭ ነው፤ ጨዉ መቅረቱ ግን ለወንዳፈረው በጀው፣ ልጆቹንም ለመዳር በቃ።

አሞሌውንስ? በማግስቱ ሸጠው፤ ነጋዴ ነዋ። እህተማርያም ግን በገበያው ስታልፍ ሰይፈሥላሴ ከወንበሩ ይነሳላት ነበር፤ ያ ለአለቃው እንኳ እያጉረመረመ የሚነሳው ሰውዬ።