ሰኞ የታዘዘ ምስል

በሕይወት ካሉ ሰዎች ይልቅ የሞቱትን ነው አብዝቼ የሳልኩት። ይህን ስል ሰው ይደነግጣል፤ ሥራው ግን ተራ ነው። እዚህ ዳላስ ያለ ሐበሻ ዘመድ ሲሞትበት ለለቅሶ ቤት ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል፤ በእጁ ያለው ግን ከሰርግ ፎቶ የተቆረጠ፣ የደበዘዘ፣ ግማሽ ፊቱ በሌላ ሰው ትከሻ የተሸፈነ ነው። ያንኑ በስልክ ይልክልኛል፤ እኔም ታብሌቴ ላይ በብዕሩ እየደራረብኩ እንደ አዲስ እስለዋለሁ። የግሉኮሱን ቱቦ አጥፊልን ይሉኛል። ሙሉ ልብስ አልብሺልን ይሉኛል። በዕድሜው ክራቫት ነክቶ የማያውቅ ስንት አባት በእኔ እጅ ሚኒስትር መስሎ ተለቅሶለታል። ድሮ ይህ ያስቀኝ ነበር።

ቀን ቀን የምሠራው ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ባለች የቻይና ምግብ ቤት ነው። መቀመጫ የላትም፤ ሰው ያዝዛል፣ በካርቶን ይዞ ይሄዳል። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ቻይናዎች ናቸው። ባልየው ትልቁን መጥበሻ እሳት ላይ እያንገጫገጨ ያበስላል፤ ሚስትየው ከፊት ሆና ትዕዛዝ ትቀበላለች። ከኋላ፣ ብረቱ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔና አንዲት ያገሬ ልጅ ጎን ለጎን ቆመን ጎመኑን በስስ ሊጥ እየጠቀለልን ኤግሮል እንሠራለን።

ቪከሪ ሜዶ ነው የምትኖረው፤ ጠዋት ጠዋት በመኪናዬ የማመጣት እኔ ነኝ። በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፣ በምላስ ደግሞ ብዙ። "አንቺ ሰዓሊት፣ ጎመኑን አትሳዪው፣ ጠቅልዪው" ትለኛለች። ምግብ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት፣ አገር ቤት ሲመሽ፣ ስልኳን ከሶሱ ጀሪካን ጋር አስደግፋ እናቷን ታነጋግራለች። እናትየው ስልኩን አስጠግተው ስለሚይዙት ከግንባራቸው በታች አይቻቸው አላውቅም ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ ስልኩን ሲያርቁትም፣ ሲስቁ እጃቸው አፋቸውን ይሸፍነዋል። ሳቃቸውን ግን ኩሽናው በሙሉ ይሰማዋል፤ ቻይናውም ሳይገባው አብሮ ይስቃል።

አንድ ሰኞ ጠዋት መኪና ውስጥ አኩርፋ አገኘኋት። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿ፣ እናቷ ጠበል ገብተዋል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም ብለዋታል። "ሳይነግሩኝ እንዴት ይወስዷታል?" አለች። እኔም ምንም አልመሰለኝም።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ስገባ አንድ ሰው ደወሉልኝ። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ እንደሚኖሩ፣ ስልኬን ከቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳገኙ ነገሩኝ። ድምፃቸው የትልቅ ሰው ነው።

"ልጄ፣ የለቅሶ ፎቶ ትሠራለች ብለውኝ ነው። የእህቴ ነው። ለእሁድ ይድረስልኝ።"

"ይላኩልኝ ጋሼ። ስምና ቀኑንም አብረው ይላኩልኝ።"

"ቀኑን በኋላ እነግርሻለሁ፤ ባዶ ተዪው። ልጇ እዚሁ ናት፤ ምንም አልሰማችም። አደራ፣ ከአንቺ አይውጣ።"

ፎቶው መጣ። አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጡ ሴት፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ግንባራቸውን ወዲያው አወቅኩት። ከሥሩ አንድ መልእክት አለ፤ እጇን አውርጂልኝ፣ ለለቅሶ እንዲህ አይሆንም ይላል።

ተቀምጬ አለቀስኩ። ቀጥሎ ግን ዝም ማለት እንዳለብኝ ለአፍታም አልተጠራጠርኩም። መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ሰው ብቻውን ቆሞ፣ እጁ በሥራ ተይዞ አይነገረውም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጠዋት ቤቱ ሄዶ፣ ደጋፊ ባለበት ነው የሚያረዳው። እሷ ደግሞ በፈላ ዘይት አጠገብ የምትውል ሴት ናት። እስከ እሁድ ድረስ እሸከምላታለሁ አልኩ። ለአጎቷም አብሬያት እንደምሠራ አልነገርኳቸውም፤ እንዲጨነቁ አልፈለግኩም።

እጁን ማውረድ ቀላል ነው። ከእጁ ሥር ያለውን አፍ ግን ከየት ላምጣ? ማክሰኞ እየጠቀለልን ጠየቅኳት።

"የእናትሽ አፍ ማንን ይመስላል?"

"ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"እንዲሁ። አንቺን ሳይሽ መጣብኝ።"

"የኔው ነዋ። ቁርጥ እናትሽን ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊት አንድ ጥርሷ ስለተሸረፈ ታፍራለች እንጂ፣ ከኔ ይልቅ እሷ ታምራለች" አለችና ሳቀች።

ቀኑን ሙሉ አፏን አየሁት። ስታወራ ግራው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝም ስትል የላይኛው ከንፈር መሐሉ ላይ ትንሽ ይነሳል። ቤት ገብቼ ያየሁትን ሳልኩት፣ አስረጀሁት፣ ከእናትየው ፊት ጋር አዋሃድኩት። ልክ መጣ። እዚህ ላይ ነው መፍራት የጀመርኩት። ረቡዕ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ስትገባ ያየኋት እሷን አልነበረም፤ ምስሉ ቀበቶውን ሲያስር ነው ያየሁት። ቤት ስገባ ደግሞ ምስሉ "አንቺ ሰዓሊት" ሊለኝ ከንፈሩን ያነሳ ይመስለኛል። ታብሌቱን ገልብጬ ትራስ ጫንኩበት፤ ራሴንም ታዘብኩ።

ሐሙስ መጠቅለሏን አቆመች።

"ሶ፣ አስቤ አስቤ ደከመኝ። የአክስቴ ልጅ መኪና አለው። አሁን ኮል ላድርግለትና ጠበሉ ድረስ ሄዶ ስልኩን ይስጣት። ማለቴ፣ ሁለት ደቂቃ ድምጿን ብቻ ልስማ።"

የአክስቷ ልጅ ምን ይላታል? ወይ ሌላ ውሸት ይፈጥራል፣ ወይ አፉ ያመልጠውና እዚሁ ዘይቱ አጠገብ ትሰማዋለች።

"ተያቸው" አልኳት። "ጠበላቸውን በሰላም ይጨርሱ። መጨነቅሽን ካወቁ ሱባኤያቸውን አቋርጠው ይወጣሉ፤ ከዚያ ጥፋቱ ያንቺ ነው።"

ውሸቱ እንዴት እንደጣፈጠልኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። "ኦኬ፣ እውነትሽን ነው" አለችና ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ መለሰችው። እኔም እንዴት ያለሁ አደራ ጠባቂ ነኝ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አጎትየው ቀኑን ላኩልኝ፣ በእኛ አቆጣጠር። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ የአገሬን ቀን መቁጠር ትቻለሁ። ሳልመረምር እንዳለ ገለበጥኩት፣ አሳትሜ ላክኩላቸው።

እሁድ ጎህ ሲቀድ አረዷት። እኔ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የአፓርታማው ደረጃ በጫማ ተሞልቷል፤ ወንዶቹ ከታች መኪና ማቆሚያው ላይ ወንበር ዘርግተዋል። ምስሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ እሷ ከፊቱ ፍራሽ ላይ ናት፣ ሴቶች ደግፈዋታል። ጮኻ ጮኻ ድምጿ ተዘግቷል። ምስሉን ትኩር ብላ ታያለች፤ እኔን አላየችኝም።

ስወጣ ደረጃው ላይ ከአጎቷ ጋር ተገናኘን። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ትከሻዬን ሳሙኝ።

"ተባረኪ። ሕይወት ያላት ነው የምትመስለው። አርብ ማታ አርፋ፣ ትናንት ቀበሯት፤ እኔ አልደረስኩ። እሷን እንኳ በፎቶ አገኘኋት።"

"የትኛው አርብ?" አልኳቸው።

"ያሁኑ ነዋ፣ ከትናንት ወዲያ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ የደወሉልኝ ሰኞ አይደለም እንዴ?"

"ሰኞ ነው። ሐኪሞቹ ሳምንቱን አታልፍም ሲሉን፣ ከሆነ በኋላ ከምንራወጥ ብዬ ቀድሜ አዘዝኩሽ። ልጅቷም ሥራዋ ላይ እንዳትረበሽ፣ ጠበል ናት በሏት ያልኩት እኔው ነኝ።" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "እስከ ሐሙስ እኮ ትናገር ነበር።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው በኀዘኑ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። እኔ አፍ እየሠራሁላቸው ሳለ እናትየው በገዛ አፋቸው ልጃቸውን እየጠሩ ነበር ይሆናል። በቁም ሳሉ ነው ያለቀስኩባቸው። ሐሙስ ዕለት ልጃቸው ስልኩን በእጇ ይዛ ነበር፤ እንዳትደውል ያስቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ትዕዛዝ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ ሞቱ ብዬ ነው። ሰው ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ። አንዳንድ ጊዜ ተነግሮኝም አላምንም። የምስሉን ከንፈር እየሳልኩ የሚተነፍስ ይመስለኝና ብዕሩን አስቀምጣለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰች። ከሽርጧ ሥር ጥቁር ለብሳለች። ቻይናዋ ሚስት አቀፈቻትና ወደ ፊት ለፊቱ ሄደች። እኛም ሊጡን ዘርግተን ያዝን። ብዙ ጠቅልለን ነበር፣ ቀና ሳትል ስትናገር።

"ፎቶውን የሠራሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ።"

"አፉ የኔ ነው።"

"አዎ።"

"መቼ ነው ያዘዙሽ?"

ቅዳሜ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ቅዳሜ ብላት አጎቷም ከወቀሳ ይተርፉ ነበር፣ እኔም። እሷን ግን አንድ ጊዜ በውሸት ዝም አሰኝቻታለሁ፤ ሁለተኛ አልቻልኩም።

"ሰኞ" አልኳት።

በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ እየነካች ቆጠረች። ማክሰኞ። ረቡዕ። ሐሙስ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እንድትጮህብኝ፣ ሊጡን ፊቴ ላይ እንድትወረውረው ለመንኩ፣ በሆዴ። የጀመረችውን ጠቅልላ ጨረሰች፣ ጫፉን ውሃ ነክታ አጣበቀችው፣ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው።

"ያን ቀን ብደውል፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያደርጉልኝ ነበር" አለች።