የለሳኙ ስንጥቆች

ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ለስኖ እጁ ዝንፍ ብሎ የማያውቀው ሰውዬ፣ ዛሬ ከማዘጋጃ ቤት ሲወጣ የበሩን እጀታ ሳተው። ሰፈርተኛው «እጀ ወርቅ» ይለዋል። ስንጥቅ ካየ እጁን ይበላዋል፤ እንግዳ ሆኖ በሄደበት ቤት ሳይቀር ግድግዳ ሲዳብስ ሚስቱ ታፍራለች።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው ባለፈው ሳምንት መዶሻ አንስቶ የገዛ ቤቱን ልስን ያረገፈው። አበደ እንዳትሉ፣ ምክንያት ነበረው። ቅጽ የያዙ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ጣራና ግድግዳ፣ ውኃና ሽንት ቤት ሊያዩ ነው ተባለ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ጎርፍ የገባ ጊዜ፣ እንዲሁ ቅጽ ይዘው መጥተው ቤቱ ለተጎዳበት ሁሉ አዲስ ቆርቆሮ አድለዋል። የእሱ ቤት ደህና ስለነበር ባዶ እጁን ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ዘንድሮስ አልሞኝም አለ።

በራሱ ቤት ቢያበቃ ምን ነበረበት! ደግ ልሁን ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ እዚህ ጋ አርግፉ፣ እዚያ ጋ ቧንቧውን ሸፍኑ እያለ መከረ። በመስኮቷ ሥር ልብስ እየሰፋች የምትተዳደረው ታላቅ እህቱ እምቢ ብትለው፣ አባብሎ አግባብቶ፣ ራሱ የለሰነላትን ግድግዳ ራሱ ፈነቀለው። ሰዎቹም መጡ፣ ጻፉ፣ አመስግነው ሄዱ።

ዛሬ ታዲያ ቆርቆሮው መቼ እንደሚታደል ሊጠይቅ ሄደ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ግራ ገባት። ምዝገባው ያረጁ ሰፈሮችን ለመለየት እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ቤት ነጥብ እንደሚሰጠው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «የተጎሳቆለ» ከተባሉ ሰፈሩ በሙሉ ለፈረሳ እንደሚታጭ አስረዳችው። ከዚያ ካርታውን አዙራ አሳየችው። የእነሱ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው።

ጣቱን ቀዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«እኔ ነኝ ያረገፍኩት፣ ልጄ። ቤቶቹ ደህና ናቸው።»

«ይታረማል፣ አባቴ። ግን እያንዳንዱ ባለቤት ራሱ መጥቶ ካልፈረመ አይሆንም። ምዝገባው ነገ ማታ ይዘጋል።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ የሰፈሩን በሮች እየቆጠረ ነው። ሠላሳ አንድ ቤት አለ፤ ሃያ ስድስቱን ያበላሸው እሱ ነው። በየበሩ እየቆመ ምን ሊላቸው ነው? ቤቱ መፍረሱ ያስፈራዋል፤ ግን በመንገዱ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሰዎች ዓይን ይበልጥ አስፈራው። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሊመለስ ቃጣው። አንዱ ጎረቤት ከሩቅ ሰላም ሲለው አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

እህቱ በር ላይ ደርሶ ሳያንኳኳ ቆመ። እሷ ግን በመስኮት አይታው ኖሮ፣ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ በሩን ከፈተችው። ፊቷ በርቷል።

«ቆርቆሮው ተገኘ አይደል? ይኸው አንተን ባልሰማ ኖሮ ቀርቶብኝ ነበር።»

ከጀርባዋ እሱ የፈነቀለው ግድግዳ ጡቡ ተገልጦ ይታያል።

«እትዬ» አላት፣ «ጫማሽን አድርጊ። ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ መፈረም አለብሽ፤ ጥፋቴን መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።»