አንድ ሙቀጫ ተልባ

አያ ቢያዝን ጎበዝ ቆዳ ፋቂ ነበር፤ ያንን አዘዞ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የማወራው ስለ ቆሻሻ ውሃው ነው።

ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ ያደገ ሰው፣ ደርግ ሲመጣ «ጓድ» ተባለና አዘዞ ዳር ካለው የቆዳ ማኅበራችን ገባ። እኔ ጸሐፊው ነበርሁ። ቆዳ የተዘፈዘፈበት፣ ኖራና ጠጉር የሞላው ውሃ በቦይ እየወረደ ወንዝ ይገባል። ከወንዙ በታች፣ ወደ ፀዳ፣ ልጁ ብርቱካን ትኖራለች። ከዚያ ወንዝ ሌላ ውሃ የላትም። ሕፃን ልጇ ውቢት ሆዷን ታመመች፤ መዳን እንቢ አለ። አያ ቢያዝን ቦዩን ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁር ነበር።

አንድ የጾም ቀን፣ ሚስቱ ትርንጎ የበጠበጠችለት ተልባ ከእጁ አምልጦ ቆሻሻ ውሃ ከተቀዳበት በርሜል ገባ። ተናዶ ትቶት ሄደ። በማግስቱ ሲያየው የተልባው ልጋግ ጠጉሩንም ዝቃጩንም ጠቅልሎ ታች ተኝቷል፤ ላዩ ጠርቷል። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣ። ከቦዩ ሥር ጉድጓድ ቆፈረ፤ ከቤቱ ተልባ እየወቀጠና እየዘፈዘፈ ይጨምርበት ጀመር። ውሃው ጠርቶ መውረድ ያዘ። እኛ «ለወንዙ የጾም ምሳ ያቀርባል» እያልን አላገጥንበት። ውቢት ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ሆዷ ቀለል አላት፤ መራመድ ጀመረች።

በሰባ ሰባት ድርቁ ጸንቶ ከቤቱ ተልባ አለቀ። ማኅበሩ እንዲሰጠው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ለመነ። ካድሬው ክንዱ፣ ሰፊው ሕዝብ ድምፁን እንዴት እንደሚያሰማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግሮ ገና መቀመጡ ነበር። ለዚያ ሁሉ ውሃ ስንት ተልባ እንደሚያስፈልግ ጠየቀው።

«አንድ ሙቀጫ ይበቃዋል፣ ጓድ።»

ተንኮል አልነበረውም፤ ልኩን ነው የተናገረው። ግን «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ጎንደሬ የት ይገኛል? አዳራሹ በሙሉ አቀረቀረ። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ።

«ማነው የሚንጫጫው?» አለ ክንዱ።

አያ ቢያዝን ስለ ተልባው የተጠየቀ መሰለው። «ኧረ ጓድ፣ ሲዘፈዝፉት ዝም ይላል» አለ።

በሕዝብ ላይ አሾፈ ተብሎ ከዚያው ተወሰደ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የገዛ ሳቄን ግን አልጻፍሁም። ጉድጓዱም በችጋር ዘመን እህል የሚደፋበት፣ የአሻጥር ጉድጓድ ነው ተብሎ ተደፈነ። ቦዩ እንደ ድሮው ወንዝ ገባ። ውቢት በሐምሌ ሞተች። ትርንጎ ስንቅ ስታመላልስ ለባሏ ትንፍሽ አላለችም፤ የሰማው በኅዳር ሲፈታ ነው።

ያን ጊዜ እኔም ለቅሶ ለመድረስ ብርቱካን ቤት ሄድሁ። ፈሪ ነኝ፤ ከዚያ በፊት እግሬ እንቢ ብሎኝ ነበር። አያ ቢያዝን ከመደብ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ምነው በሰደበኝ ብዬ ተመኘሁ። ብርቱካን ግን ፊት ለፊቴ ቆመች።

«አያ ዳኛው፣ ምነው ያን ለት ሳቁ?»

ተረቱ ትዝ ብሎኝ ነው አልኋት።

«ተረቱንማ እኛም እናውቀዋለን» አለች።