እትዬን የለመዱ ዶሮዎች

ታላቅ እህቴን ቤተሰቡ ሁሉ፣ እናታችንም ሳትቀር፣ እትዬ ነበር የሚላት። ሰው ላይ ቁጡ ነበረች፤ ዶሮ ላይ ግን እንደሷ ትዕግሥተኛ አላየሁም። ከእማዬ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰነው ክፍል ውስጥ መቶ ሃያ የሥጋ ዶሮ ታረባ ነበር። ጫጩቶቹ አምፖሉ ሥር ተደራርበው ካገኘቻቸው «በርዷቸዋል» ብላ አምፖሉን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሸሽተው ግድግዳውን ከያዙ ደግሞ ከፍ ታደርገዋለች። የረጠበውን ሰጋቱራ በእጇ እየዘገነች ታወጣለች። ስትገባ ሁልጊዜ ያንኑ ግራጫ ጋዋን ለብሳ፣ ያንኑ ቦት ጫማ አድርጋ ነው። በሩን ሦስቴ ታንኳኳና «ቤቶች!» ትላለች።

«ደጅ ድረስ ወጥተው እንዲቀበሉሽ ነው?» እያልኩ ስቀልድባት ተቆጥታ ትመልስልኛለች። «የሥጋ ዶሮ ደንጋጣ ነው። ያልለመደው ሰው ድንገት ከገባበት አንድ ጥግ ላይ ተከምሮ፣ ተፋፍኖ ያልቃል።»

ዶሮዎቹ ሃያ ሦስት ቀን ሲሆናቸው፣ እትዬ መኖ ልትገዛ እንደወጣች መንገድ ላይ ወድቃ ሞተች።

እማዬ ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ልቧም ታማሚ ነው። ሐኪሙ «አደራ፣ እንዳታስደነግጧት» ብሎናል። ስለዚህ አስከሬኑን ከኔ ቤት አስነሥተን ቀበርንና፣ ለእማዬ «እትዬ ለዶሮ እርባታ ሥልጠና ሄዳለች» አልናት። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ በሰው አላሳብብም።

ዶሮዎቹ ለታናሽ እህታችን ለሚጣ ደረሷት። ሚጣ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷትም ያው ሚጣ ናት፤ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ፣ እናቷን እሑድ እሑድ ብቻ የምትጠይቅ። የመጀመሪያ ቀን ከሱቁ ፈቃድ ወስዳ መጥታ በቀይ ጃኬቷ ዘው ብላ ገባች። ዶሮዎቹ እየጮኹ ጥግ ላይ ተከመሩ። ክምሩን ስንበትን አሥራ አንዱን ሞተው አገኘናቸው።

በማግስቱ የእትዬን ጋዋን ለበሰች፤ ቦት ጫማዋንም አደረገች። የግራው ጫማ ተረከዝ በአንድ ወገን ተበልቶ ስለነበር፣ ሳትፈልግ እንደ እትዬ እግሯን እየጎተተች አስኬዳት። ሦስቴ አንኳኳችና «ቤቶች!» አለች። የሁለቱ እህቶቼ ድምፅ ድሮም በስልክ አይለይም ነበር። በሩን ስትከፍት አንድም ዶሮ አልጮኸም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ሁሉም በአንድ ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ ሰተት ብለው መጥተው እግሯን ከበቡት። ከኋላዋ ቆሜ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ይሄኔ ከግድግዳው ማዶ የእማዬ ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ መጣሽ እንዴ?»

ሚጣ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ፣ ሞኙ፣ «አዎ በያት» ለማለት ራሴን ነቀነቅኩላት።

«መጣሁ እማዬ» አለች።

እማዬ ጋዋኑን ዳበሰች፤ የዶሮውን ሽታ ሳበች። «ከስተሻል። ሥልጠናው ምግብ የለውም?» አለቻት። እሑድ ሲደርስ ደግሞ «ሚጣስ?» ብላ ጠየቀች። ለዚህም አላነስኩም፤ «አሠሪዋ ሌላ ከተማ ወዳለው ሱቁ ቀየራት» አልኳት።

መጀመሪያ ሰሞን «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እያልኩ በሚጣ አሾፍባት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀልዱ ከአፌ ጠፋ። ምሳ ስትበላም ጋዋኑን አታወልቅም። በባዶ እግሯ ስትሄድም ግራ እግሯ ይጎተታል። አንድ ቀን መኖ እየሰፈረች «ሚጣ» ብዬ ጠራኋት፤ ዝም። ደግሜ ጠራኋት፤ ዝም። «እትዬ» ስላት «አቤት» አለች፤ ከዚያ ሁለታችንም ደነገጥን። ፈራኋት፤ የገዛ እህቴን ፈራኋት።

ዶሮዎቹ አርባ አምስት ቀን ሲሞላቸው ነጋዴው ጭኖ ወሰዳቸው። ከነዚያ ከአሥራ አንዱ በቀር አንድም አልሞተብንም። ከሰዓት በኋላ እማዬ ሁለታችንንም ጠራችን።

«ዶሮው ሲንጫጫ ሐሳብ አይዘኝም ነበር» አለች። «ዛሬ ቤቱ ጭር ሲልብኝ አሰብኩ። ሚጣ ሦስት እሑድ ቀረች። ለመሆኑ ስልክ የሌለው ከተማ አለ? ልጄ ሞታ ነው የደበቃችሁኝ።»

ሚጣ አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ እጇ በእማዬ እጅ ውስጥ ነው። «እኔ ሚጣ ነኝ» ካለች የእትዬን ሞት ማርዳቷ ነው፤ ካላለች የራሷን። ለእማዬ ከሁለት አንዷን መቅበር ነበረብን።

«አንቺ አትዋሺኝም፣ እትዬ። ሞታለች?»

«አዎ እማዬ፤ ሞታለች።»

ልቧ ቀጥ ይላል ብዬ ዘልዬ ደገፍኳት። ያ ስንሳሳለት የከረምነው ልብ ግን ቻለው። «ሚጣዬ፣ ሚጣዬ» እያለች አለቀሰች። «አንቺን ሳመሰግን በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አንቺም ጎበዝ ነሽ ብያት አላውቅም። ልላት እያሰብኩ ነው የቀረው። ለኔኮ የሆዴ ልጅ እሷ ነበረች» አለች።

ሚጣ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ቃል በሟች እህቷ ስም ሆና ሰማችው። እንባዋ በእማዬ እጅ ላይ ይንጠባጠባል። እማዬ ለእህቷ የምታለቅስ መሰላት። አላስችል ብሎኝ እውነቱን ላፈርጠው አፌን ስከፍት፣ ሚጣ ቀና ብላ በዓይኗ ከለከለችኝ።

እማዬ ፊቷን ዳብሳ እንባዋን ጠረገችላት።

«በቃ፣ አንቺ እንኳ ተረፍሽልኝ» አለቻት።

«አለሁልሽ» አለች ሚጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሚጣ ብዬ ጠርቻት አላውቅም።